ያልተመለሱት ባልዲዎች

አርባ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ስበላ የኖርኩ መምህር ነኝና ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ እያየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሚስቴ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰውዬ፣ ሳትጠራ የምትገባው ሰርግ ቤት ሳይሆን ጭቅጭቅ ቤት ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ባለፈው ኅዳር በገበያው ከተማ የአውቶቡስ መጠበቂያ ያጋጠመኝ ጭቅጭቅ ውስጥም ገባሁ። ባልገባሁበት ኖሮ ግን ይቆጨኝ ነበር።

የመጣሁት መነጽሬን ላሠራ ነበር። ሥራው ቶሎ አለቀልኝና ወደ መንደራችን ወደ ዶልጎጌ የሚሄደውን አውቶቡስ ልጠብቅ መጠለያው ሥር ስገባ፣ እትዬ ናጁ ከወፍጮ ቤት በመጡ ሁለት የበርበሬ ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስማቸው ሌላ ነው። ነገር ግን ከናጁ ተድረው ስለመጡ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ናጁ ተብለው ኖረዋል፤ በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ነው የምትጠራው። የመንደራችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ በየዓመቱ ኅዳር ሲያልቅ በአዳራሹ ተሰብስቦ፣ ጎመንና ጨው መግዣ ለሌላቸው ቤቶች የበረዶውን ወራት የሚያሻግር ኪምቺ፣ በጨውና በበርበሬ ተቀምሞ የሚብላላ ጎመን፣ ይሠራል። ሥራው ሐሙስ ሊሆን አራት ቀን ቀርቶታል።

«መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «የሰው ልጅ ኪምቺውን በልቶ ባልዲውን ያስቀራል?»

«ደህና አደሩ መባባል ቀረ እንዴ?» አልኳቸው።

«ደህና ብሆን እልዎት ነበር። ባለፈው ዓመትም እንደ ልማዳችን ሰማያዊ ባልዲ ከነክዳኑ ለየቤቱ አዳረስን። የማኅበሩ ስም በትልቁ ታትሞበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ‹ታጥቦ ይመለስ› ብለን ጽፈንበታል። ይኸው ዓመት ሊሞላው አሥራ ሁለት ቤት ድምፁን አጥፍቷል። መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት። እኔም ቆረጥኩ። ዕቃ ላልመለሰ ቤት ዘንድሮ ኪምቺ የለም፤ ስማቸውንም ከዝርዝሩ አስፍቄዋለሁ።»

እውነቱን ልናገርና እኔም ፈረድኩላቸው። የተዋሱትን ዕቃ መመለስ የጨዋ ወግ ነው ብዬ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ስለ አደራ ጥቂት ነገር ጨምሬ ተናገርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከእኛ ፈንጠር ብላ የቆመች ወጣት ነበረች፤ የጤና ኬላችን ነርስ ሲስተር ዳሶም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም። የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳ አንጠልጥላ ቤት ለቤት በሽተኛ ልታይ ነበር የምትሄደው።

«እማማ፣ ጣልቃ ገባሁ አይበሉኝና» አለች ዝቅ ብላ እጅ ከነሳች በኋላ፤ «ከተፋቁት ውስጥ እማማ ኮቻንግ አሉበት?»

«እሷማ ዋናዋ ናት። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ባልዲ። በሌላው ባልናደድ በእሷ ተቃጥያለሁ። ሠላሳ ዓመት አንድ ገበታ ላይ ጎመን ያጠብን ሰዎች ነን።»

«ባለቤታቸው ከአልጋ ከዋሉም ሦስት ዓመታቸው ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። አልጨከንኩም እኮ። ግን ችግር ባልዲ ያስቀራል?»

ሲስተር ዳሶም ጥቂት አሰበች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጎረቤት በሳህን ጥሩ ነገር ቢልክልዎ ሳህኑን እንዴት አድርገው ነው የሚመልሱት?»

«እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ? አጥቤ ነዋ።»

«ባዶውን?»

እትዬ ናጁ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «ባዶውንማ እንዴት ተደርጎ። እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ በጭልፋ ትለኛለች። ቢታጣ ቢታጣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ጣል አደርግበታለሁ እንጂ ባዶ ሳህን ይዤ የሰው ደጅ አልቆምም።»

«ታዲያ እማማ ኮቻንግ ያን የሚያህል ባልዲ በምን ሞልተው ይመልሱልዎት?»

 እኔ መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ፤ ገና አሁን ከሠሪው እጅ የወጣ መነጽር ነበር። ሦስታችንም ባዶ ዕቃ አይመለስም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ዕቃው ሳህን ሲሆን የምናውቀውን ወግ፣ ዕቃው ባልዲ ሲሆን ረስተነው ኖሯል።

እትዬ ናጁ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። «ተዪ እንጂ። ይሄ የማኅበር ዕቃ ነው፣ የጎረቤት ሳህን አይደለም። ታጥቦ ይመለስ አልኩ እንጂ ተሞልቶ ይመለስ አላልኩም። ጽፌበታለሁ።»

«ይሉኝታ ጽሑፍ አያነብም እማማ።»

«የዛሬ ልጆች ለሁሉም ነገር ስም አላችሁ። እኛ ከጦርነቱ በኋላ የእርዳታ ዱቄት በሰልፍ ስንቀበል ማን ይሉኝታ ነበረው? ተቀብለን፣ አመስግነን፣ ጋግረን በላን።»

«ሁሉም ሰው ተሰልፎ ነበራ። ሁሉም ከተሰለፈ ማን ማንን ያፍራል? ዛሬ ግን ሰጪዋ እርስዎ፣ ተቀባይዋ እሳቸው። ያ ሰማያዊ ባልዲ ከደጃቸው ሲቀመጥ መንደሩ በሙሉ ያነበዋል።»

«ስለዚህ ደግ መሥራታችን ጥፋት ሆነ በይኝ።»

«ደጉ ሥራ ደግ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱን እኔ ከምነግርዎ ሄደው ቢያዩት ይሻላል። አሁን የምሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ይምጡና ባልዲዎቹን በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ ይፋቁም ካሉ ይፋቁ።»

አውቶቡሱ መጣ። የእትዬ ኮቻንግ ቤት ካለበት ፌርማታ ስንደርስ ቀድመው የተነሱት እትዬ ናጁ ናቸው። አንዱን ጆንያ እኔ ተሸከምኩ። የእኔ ቤት የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ነበር፤ ግን ማን ይቀራል?

ግቢው ተጠርጎ ምድሩ ያበራል። ከቤቱ ኋላ፣ የአኩሪ አተር ወጥ መያዣ እንስራዎች በሚደረደሩበት የድንጋይ መደብ ላይ፣ ሦስቱ ሰማያዊ ባልዲዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ክዳኖቻቸው ከጎናቸው ቆመዋል። አንድ ጭረት የለባቸውም። እትዬ ኮቻንግ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ፤ ድሮ ከማውቃቸው በግማሽ ቀንሰዋል። እትዬ ናጁን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«እትዬ፣ ለባልዲዎቹ ነው የመጣሽው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እትዬ ናጁ ከገበያ ጀምሮ ያዘጋጁት ተግሣጽ ነበራቸው፤ የት እንደገባ እንጃ። «ታጥበው ተቀምጠው የለም እንዴ ኮቻንግ። ለምን አላመጣሽልኝም?»

«ባዶውን?»

ያቺው ቃል ናት። ሲስተር ዳሶም ወደ መሬት አየች።

«በመጀመሪያው ዓመት ባቄላ ዘርቼ ነበር፣ ሲደርስ ሞልቼ ላመጣልሽ» አሉ እትዬ ኮቻንግ። «ሳይደርስ ማሳው ለሕክምናው ተሸጠ። በሁለተኛው ዓመት የፍጅል ቅጠል አደረቅሁ፤ የካቲት ላይ እኛው በላነው። በሦስተኛው አልሞከርኩም። ከዚያ ወዲህ በላይኛው መንገድ ስትመጪ ካየሁሽ በታችኛው እዞራለሁ። አዳራሽ መምጣትም የተውኩት ለዚህ ነው። ካርታ ስንጫወት አንዷ ተነስታ ስለ ባልዲ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«እኔ ደግሞ ተቀይመሽኝ መስሎኝ። ኧረ ባልዲ እኮ ነው፤ ምን የሚያህል ነገር ሆነና ነው?»

«ትልቅ ነገር ያደረግሽው አንቺ ነሽ እትዬ። ስምሽን የጻፍሽበት አንቺ።»

እትዬ ናጁ ወደ እንስራዎቹ ዞረው ቆሙ። እንደ ልባቸው የሚቆጡ ሰው ሲያለቅሱ መታየት አይወዱም፤ እኔም ስለ ብርዱ አንድ ነገር ተናገርኩ፣ ማንም አልሰማኝም።

«ዘንድሮ ከዝርዝሩ መውጣቴን ሰምቻለሁ» ብለው ቀጠሉ እትዬ ኮቻንግ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «አልከፋኝም። እኔ በጨውም እበላለሁ። ባለቤቴ ግን ገንፎውን ያለ ኪምቺ ጭማቂ አይውጥልኝም። አፉን ይገጥምብኛል። እንግዲህ በበረዶው ወራት ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ነገሩ በሙሉ ይኸው ነበር። አንድ በሽተኛ ሽማግሌ በሦስት ንጹሕ ባልዲ ምክንያት ከምግብ ሊታገድ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ይህንንም የወሰንነው ክፉዎች ሆነን ሳይሆን ወግ የምናውቅ ሰዎች ሆነን ነው። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«አቁሚ በቃ» አሉ እትዬ ናጁ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «ስምሽ አልተፋቀም። ተፍቆ ከሆነም እኔው እጽፈዋለሁ።»

እትዬ ኮቻንግ ዝቅ ብለው አመሰገኑ። ከዚያ፣ ለመናገር እየፈሩም እየጓጉም እንዳሉ ያስታውቅ ነበር፣ «አንድ ነገር ብልሽ አትቆጪም?» አሉ።

«በዪው።»

«ያለፈው ዓመት ኪምቺያችሁ ጥር ሳይገባ ጎመዘዘ። ጎመኑ ጨው ሳይጠጣ ነው ያነሳችሁት።»

«ማነው ያለው?»

«ምላሴ።»

ሲስተር ዳሶም ፊቷን በቦርሳዋ ከለለች። ለማኅበር ሊቀመንበር በሰው ፊት ጎመንሽ ጨው አልጠጣም ማለት በእኛ አገር ቀላል ድፍረት አይደለም። ጠብ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ እትዬ ናጁ መደቡ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«እውነትሽን ነው። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ጨው የሚያውቅ ሰው የለንም። አንዷ ታበዛዋለች፣ አንዷ ታሳንሰዋለች፣ እኔ መሃል ላይ እጮሃለሁ።»

«ይኸው ሦስት ዓመት ባልዲዬን ትጠብቂያለሽ» አሉ እትዬ ኮቻንግ። «እጄን ግን አልጠየቅሽኝም። እጄ እኮ ባዶ አልነበረም።»

 እኔ በዕድሜዬ ስለ በጎ አድራጎት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ ራሴም ለተማሪ ብዙ አነብንቤአለሁ። ከዚያች ሴት ሁለት ዓረፍተ ነገር የበለጠ ግን አልሰማሁም። የተቸገረ ሰው ሁሉም ነገር የጎደለው ይመስለናል። ጎመን ያጣ ሰው ሙያውንም ያጣ ይመስለናል። እንግዲያው ሰጥተን እንሄዳለን፣ እሱም ተቀብሎ ይደበቃል።

ሲስተር ዳሶም ጊዜው መድረሱን አወቀችበት። «እማማ ናጁ፣ ሐሙስ ሁሉም ቢመጣስ? አሥራ ሁለቱም፣ የሚቀበሉት ሌሎቹም። የሚችል ጎመን ያጥባል፣ የማይችል ቁጭ ብሎ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። ሲያልቅ ሁሉም እኩል ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሂድ። እርስዎም ጭምር።»

«እኔ ምን ጎደለኝ? የራሴ ጎመን አለኝ።»

«ጎመንዎን ወደ አዳራሹ ያምጡታ።»

«እንዲህ ከሆነማ ችግረኛው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም። ጥቅሙም እሱ ነው።»

«ቀላል አደረግሽው። ጎመን የሚሰጡን ገበሬዎች ለማን ሰጣችሁ ሲሉኝ ምን ልበል? ያለውስ ሰው መጥቶ ቢወስድ?»

«ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ በቀዘቀዘ ውሃ እጁን ነክሮ ውሎ ሁለት ባልዲ ቢወስድ፣ ሠርቶ ወሰደ እንጂ ምን ወሰደ?»

እዚህ ላይ እኔም አላስቻለኝም። «እትዬ ናጁ፣ በልጅነታችን ወንፈል ስንወጣ ‹ዛሬ የማን ማሳ ነው?› ይባል ነበር እንጂ ‹ድሃው ማነው?› ተብሎ ያውቃል? ዛሬ የእሷ፣ ነገ የእርስዎ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ኪምቺውም ድሮ በወንፈል ነበር የሚሠራው። ባልዲና ማኅተም እኛ ያመጣነው ነው።»

እትዬ ናጁ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አሰቡ። ሲያስቡ ፊታቸው እንደሚቆጣ ሰው ነው። «የዘንድሮዎቹ ባልዲዎች ገና አልታተሙም» አሉ በመጨረሻ። «እንዳይታተሙ እነግራለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ሁሉም አይመጣም።»

«የሚመጣው ይበቃል» አለች ዳሶም።

«ኮቻንግ፣ ረቡዕ ጠዋት ጨው ስንነሰንስ ካልተገኘሽ ያኔ በእውነት እንጣላለን።»

«እሱንስ ለማን ልተወው?»

እትዬ ናጁ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «መምህር ጎመን ማጠብ አያውቁም። ማውራት ግን ያውቃሉ። ከሽማግሌው ጋር እሳቸው ይዋሉ።»

በዚህ ዓይነት፣ መነጽር ላሠራ የወጣሁት ሰውዬ በሽተኛ ጠባቂ ሆኜ ተመለስኩ። ረቡዕና ሐሙስ ለሽማግሌው የድሮ ተማሪዎቼን ተረት ሳወራላቸው ዋልኩ። ግማሹ ፊታቸው ሽባ ስለሆነ በሌላው ግማሽ ይስቁልኝ ነበር፤ ምናልባትም ዝም እንድል ይሆናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ዳሶም ስትተካኝ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

አርባ የሚሆኑ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች እስከ ክርናቸው በበርበሬ ቀልተው ነበር። በአንድ ጥግ የአሳማ ሥጋ ይቀቀላል፣ በሌላው የሩዝ ጠላ ይቀዳል። ያመለጠኝን ነገሩኝ። ጠዋት ላይ እትዬ ኮቻንግ ከጎመኑ አንድ ወፍራም ቅጠል ሰብረው ቀምሰው «ገና ነው፣ ሁለት ሰዓት ይቆይ» ሲሉ፣ ሊያጥብ ውሃ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። እትዬ ናጁም «ምን ታዩኛላችሁ? ገና ነው ተብሏል» ብለው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጠበቀ።

ይህ ነገር ምን እንደጠቀመ በግልጽ ልንገራችሁ፤ የመምህር አመል ነው፣ ታገሱኝ። ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ዘጠኙ መጡ። ሁለቱ ታመው ስለነበር በሰው ተላከላቸው። አንዱ ሰውዬ በሩን አልከፈተም፣ እስከ ዛሬም አልከፈተም። ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይቃናም፤ ሲስተር ዳሶም ግን በየሳምንቱ ታንኳኳለች። ኪምቺው እስከ መጋቢት ሳይጎመዝዝ ቆየ። ባልና ሚስት ሁለት አዛውንት የማገዶ እጥረት እንዳለባቸው የታወቀው ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ በተወራ ወሬ ነው፤ በባልዲ ዘመን ቢሆን ማንም አይሰማም ነበር። ባልዲ በር ላይ ይቀመጣል እንጂ ጆሮ የለውም። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ለዚህ ነው። የሚሰጥ እጅ ብዙ ነው፤ አብሮ የሚቀመጥ ፊት ግን ካልፈለጉት አይገኝም።

ከሁሉ የበለጠውን ጥቅም ያየሁት ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የወረዳው ሹም ሊያበረታታን መጣ፤ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ትሑት ወጣት። እጅ ነስቶ፣ «በርቱ» ብሎ፣ ወደ እትዬ ናጁ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ እርዳታው የሚሰጣቸው ቤተሰቦች የትኞቹ ናቸው? እጃቸውን ጨብጬ ሰላም ልበላቸው።»

ክፉ አላሰበም። ግን ከጎናቸው የቆሙት የእትዬ ኮቻንግ እጆች ጎመኑ ላይ ቆሙ። አንገታቸውን ደፉ። በዙሪያው ደግሞ አንድ ሁለት ሦስት ሰው እንዲሁ ሲያደርግ አየሁ።

እትዬ ናጁ ቀና ብለው የሰዉን ፊት ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ፤ የሚፈልጉትን ሰው እንዳጡ ሁሉ ጊዜ ወሰዱ።

«እኛው ነን» አሉት። «ሁላችንም። ጓንት እዚያ መስቀያው ላይ አለልህ፣ ካፖርትህን አውልቅና ግባ።»

ወጣቱ እንደ ተማሪ ታዘዘ። እትዬ ኮቻንግም አዲስ ጎመን አንስተው፣ በርበሬውን በየቅጠሉ መሃል ይቀቡ ጀመር።